ከታቦር እስከ ወንዶ ገነት፦ የሦስት የሩጫ መንገዶች የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2፣ 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ሥራው በአንድ ጥያቄ ተጀመረ። ዘንድሮ ወደ ትምህርት ቤታችን ተዛውራ የመጣች የሒሳብ አስተማሪ አለች። ትሮጣለች። ሐሙስ ዕለት ሻይ እየጠጣን «አስፋልት ሰለቸኝ፤ ጉልበቴንም እያመመኝ ነው። እዚህ አገር ዳገትና ጫካ የት ነው የሚሮጠው?» አለችኝ።

እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት። መልሱ በእጄ ያለ መስሎኝ ቶሎ ጀመርኩ። «አላሙራ ውጪ። ከሾላዋ ጋ ትታጠፊያለሽ። እርሻውን ይዘሽ ወደ ላይ። ባሕር ዛፉን ስታልፊ ወደ ግራ...»

«የትኛዋ ሾላ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ለእኔ ሾላዋ አንድ ናት። ለእሷ ግን ሐዋሳ ሙሉ ሾላ ናት። እግሬ የሚያውቀውን አፌ መናገር አቃተው። ማታ ቤት ገብቼ ጉዳዩ አልለቀኝም። አሥራ ምናምን ዓመት የሮጥኩበትን መንገድ ለአንድ ሰው ማስረዳት ካልቻልኩ መንገዱ ከእኔ ጋር ብቻ ነው ያለው ማለት ነው።

ስለዚህ ወሰንኩ። ሦስት መንገዶች እሠራለሁ። አንድ አጭር፣ ከሐይቁ አጠገብ ያለው ታቦር ተራራ ላይ። አንድ መካከለኛ፣ ከከተማው በደቡብ ያለው አላሙራ ተራራ ላይ። አንድ የጫካ፣ ወንዶ ገነት። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ወረቀት። ከተማውን የማያውቅ ሰው ያለ መሪ፣ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሮጦ መመለስ አለበት። ፈታኟ እሷ ናት። የበልግ ዝናብ ሳይጠና፣ መጋቢት ላይ ትሮጣለች። እኔ ከመጨረሻው ቦታ ቆሜ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ምንም አልነግራትም ብዬአለሁ፤ ተስማምታለች።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ዛሬ ሩጫ የለም። ዕቃ ሰበሰብኩ። ስልክ፣ ጂፒኤስ ያለው የእጅ ሰዓት፣ የኪስ ደብተር፣ እርሳስ። እስክሪብቶ በላብ ይጨማለቃል፤ እርሳስ ይሻላል።

የጂኦግራፊ ክፍላችን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ የመሬት አቀማመጥ ካርታ ነበር። ስኬሉ 1:50,000 ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ማለት ነው። የኮንቱር መስመሮቹ በየ20 ሜትር ከፍታ ይሄዳሉ። ተጠጋግተው ከታዩ ዳገት ነው፣ ተራርቀው ከታዩ ሜዳ። ይህን በየዓመቱ ለ9ኛ ክፍል አስተምራለሁ። በእግሬ ልሮጥበት ብዬ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ቡናማ መስመሮቹ ድንገት ጉልበት ላይ የሚሰማ ነገር ሆኑ።

የአላሙራውን መንገድ በክር ለካሁት። ክሩን ውኃ ነክሬ በጠመዝማዛው ላይ ዘረጋሁ፣ ከዚያ በማስመሪያ። 11 ኪሎ ሜትር ተኩል ወጣ። እናያለን።

አንድ ነገር ግን አስገረመኝ። ከከተማው በስተምሥራቅ ጨለለቃ በሰማያዊ ቀለም ተስሏል። ሐይቅ ነበራ! ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ነው፤ ከብት ይሰማራበታል። ካርታው አልዋሸም። የሣለው በዘመኑ የነበረውን ነው። ተራራው ግን ያኔ በተሣለበት ቦታ ዛሬም አለ። ይህን ደብተሬ ላይ ከሥሩ አስምሬ ጻፍኩት።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ፣ ታቦር

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው፣ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ ተነሣሁ። ከዚያ በፊት መነሣት አልመክርም። ጅብ ገና ወደ ጎሬው አልተመለሰም፤ ለብቻዋ ለምትሮጥ ሴትም ጨለማ ጥሩ አይደለም።

የመጀመሪያው ክፍል በሐይቁ ዳር ያለው የአፈር ግድብ ላይ ነው። ብዙ ሰው መናፈሻ ብቻ ይመስለዋል። የተሠራው ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን ሲያስጨንቅ ውኃውን ለመመለስ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ በገሃድ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባል እንጂ የሚወጣ የለም። ስለዚህ ዝናብ ሲበዛ ከፍ ይላል፣ ሲጎድል ዝቅ። ለሯጭ ይህ ማለት ከግድቡ በታች ያለውን የዳር መንገድ መንገድ ብሎ መጻፍ አይቻልም። አንድ ዓመት አለ፣ አንድ ዓመት ውኃ ውስጥ ነው። ግድቡ ላይ ብቻ።

ግድቡ ለመሮጥ ደስ ይላል። አፈሩ ጠንካራ ነው፣ ጥላ አለ፣ ጦጣዎቹ ከዛፍ ላይ ያያሉ። አሞራ ገደል ስደርስ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እያራገፉ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ከሰው መሀል ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ሲቆሙ የትንሽ ልጅ ቁመት አላቸው። አዲስ ሰው ሊደነግጥ ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ «አይነኩሽም፣ ዝም ብለሽ እለፊ» ብዬ እጽፋለሁ።

ከዚያ ታቦር። ሽቅቡ አጭር ነው፣ ግን ይነክሳል። ከሐይቁ ከመቶ ሜትር በላይ ነው የሚያወጣው። መንገዱ ቀጭን ነው፣ ጠጠሩ ይንሸራተታል። አናቱ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላ በኩል ከተማው በሙሉ፣ በደቡብ አላሙራ። የሚቀጥለው ሥራዬ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር።

ርቀት 6.1 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅብ 150 ሜትር ገደማ። ይሄኛው ቀላል ነው። የጠፋ ሰው ሐይቁን አይቶ ይመለሳል።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ምልክት ሙከራ አንድ። ከመርካቶ ልብስ የሚያመጣ ጎረቤት አለኝ፤ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ሰጠኝ። በጣት ስፋት ቀድጄ ታቦር ላይ በየመታጠፊያው ቁጥቋጦ ላይ አሠርኩ። 22 ቁራጭ። ዛፍ ላይ ቀለም መቀባት አልፈለግሁም። ዛፉ የእኔ አይደለም፣ ቀለምም አይወልቅም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ከሥራ መልስ ሄጄ አየሁ። ከ22ቱ 5 ቀርተዋል። ሁለቱን ፍየል ስታኝክ አገኘኋት። አንዱን አንድ ልጅ እጁ ላይ አሥሮ ይጫወታል። «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ዛፍ ያበቅለዋል» አለኝ። ልቀበለው አልደፈርኩም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ምልክት ሙከራ ሁለት። ድንጋይ ላይ ኖራ። ነጭ ነጥብ፣ የቡና ሲኒ አፍ የምታህል። ከሩቅ ታየች። ደስ አለኝ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ማክሰኞ ሌሊት ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ኖራዬ ወረደ። እንግዲህ ምልክት ማድረግ ይቅር። ተራራው ላይ እኔ የምጨምረው ነገር አይቆይም። ተራራው ላይ ያለውን ነገር ልጠቀም።

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ አላሙራ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። በዲላ መውጫ በኩል ከአስፋልቱ ወርጄ፣ የመጨረሻዎቹን ቤቶች አልፌ እርሻ ውስጥ ገባሁ። በቆሎው እየታጨደ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከሰው ቁመት በላይ ስለነበር መንገዱ ዋሻ ይመስል ነበር። አሁን ሜዳው ተከፍቶ አምስት አዲስ አቋራጭ ተፈጥሯል። ሁሉም ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ሁሉም ግን አንድ ቦታ አይወጡም። አምስቱንም ወጥቼ ወረድኩ። እርሻው ሲታረስ አራቱ ይጠፋሉ። የሚቀረው በእንሰቱ አጥር ጎን ያለው ነው። አጥሩ ድንበር ነው። ድንበርን ማንም አያርሰውም።

ከእርሻው በላይ መሬቱ ይለወጣል። ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጫጭ ጠጠር ይበዛል። ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ድንጋይ ነው፤ ልጆች ሆነን ሐይቁ ላይ እንደ ጀልባ እንለቀው ነበር። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለው ኮርቤቲ ዛሬም ሕያው እሳተ ገሞራ ነው። ለሩጫ ግን ይሄ ጠጠር አስቸጋሪ ነው። ሲወጡ ችግር የለም። ሲወርዱ እንደ ኳስ ከጫማ ሥር ይንከባለላል። ዘዴው እርምጃን ማሳጠር ነው። ወደ ኋላ ጋደል ማለት ያንሸራትታል። ጉልበት ዕጥፍ፣ ደረት ትንሽ ወደ ፊት፣ እግር ቶሎ ቶሎ። ዓይን ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ማየት አለበት እንጂ ጫማ ጫፍ ላይ መቅረት የለበትም።

ከተራራው ወገብ ላይ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በመስመር ሲወርዱ አገኘሁ። መንገዱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። ወደ ጎን ወጥቼ ቆምኩ። የመጨረሻዋ እናት ከሸክሟ ሥር ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ፣ ማን እያባረረሽ ነው?» አለችኝ። የእውነት ተጨንቃ ነው የጠየቀችኝ። «ማንም እማማ፣ ለጤና ነው» አልኳት። «ተመስገን» ብላ ወረደች።

ቤት ገብቼ የወረቀቱን የመጀመሪያ ደንብ ጻፍኩ። ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ፣ ሽቅብም ይሁን ቁልቁል፣ ሯጭ ቆሞ ያሳልፋል። መንገዱን የረገጡት እነሱ ናቸው። እኛ የምንሮጠው እነሱ ባወጡት ላይ ነው።

የዛሬው መለኪያ፦ 13.6 ኪሎ ሜትር። ሽቅቡ ተደምሮ 420 ሜትር። አናቱ ላይ ሰዓቴ 2,000 ሜትር ገደማ አለኝ። በክር የለካሁት 11 ተኩል ነበር። ሁለት ኪሎ ሜትር ከየት መጣ? ካርታ ትንንሹን ጥምዝምዝ ያስተካክለዋል። እግር ግን እያንዳንዷን ትረግጣታለች።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ስለ ርቀት ትንሽ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 13 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ የሮጠ ሰው 13 ኪሎ ሜትር አላሙራ ላይ እችላለሁ ብሎ ይመጣል። አይደለም። ዓለም አቀፉ የትሬይል ሩጫ (የተራራና የጫካ መንገድ ሩጫ) ማኅበር የሚጠቀምበት ቀላል ስሌት አለ። ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ አንድ ኪሎ ሜትር ይደመራል። 13.6 ላይ 4.2 ሲደመር 17.8 ይሆናል። ጉልበትሽን የምታዘጋጂው ለ17.8 ነው። ውኃውንም፣ ሰዓቱንም በዚያው።

በዚሁ ስሌት ታቦር 7.6 ነው። ይሄን ቁጥር ከርቀቱ አጠገብ በትልቁ እጽፈዋለሁ።

ከአናቱ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ጎን ላይ ትልቅ የባሕር ዛፍ ቦታ አለ። መንገዱ በመሀሉ ያልፋል። መሬቱ በቅጠል ተሸፍኖ ለስላሳ ነው። የአገራችን አትሌቶች ጫካ ሲገቡ በዛፎቹ መሀል ዚግዛግ እየሠሩ ነው የሚሮጡት፤ ተከታትለው፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ። ቁርጭምጭሚትን ያጠነክራል፣ ዓይንንም ያነቃል። እኔም ብቻዬን ሞከርኩ። ሃያ ደቂቃ ሳላስበው ሄደ። ወረቀቱ ላይ «ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ወደ ግራ» ብዬ ጻፍኩ። ግልጽ ነው፤ ማንም አይስተውም።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ባሕር ዛፉ የለም።

ከታች ስመጣ መንገዱ የጠፋኝ መሰለኝ። ቆሜ ሐይቁን ፈለግሁ፣ ታቦርን ፈለግሁ። ቦታው ትክክል ነው። ዛፉ ነው የሌለው። ጉቶ በጉቶ ሆኗል። ዳር ላይ አጣና ተከምሮ መኪና ይጠብቃል። ሁለት ወጣቶች ቅርፊት ይልጣሉ። ለግንባታ መወጣጫ ነው የሚሄደው። ተክለው፣ ጠብቀው፣ ቆረጡ። ሀብታቸው ነው። ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ይቆረጣል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰብል ነው ምልክት ያደረግሁት። በቆሎውን በሁለት ወር ለየሁት፣ ባሕር ዛፉን ግን ረጅም ስለሆነ ብቻ አመንኩት።

ጉቶ ላይ ቁጭ ብዬ ወረቀቴን አወጣሁ። ስምንት መታጠፊያ አለ። በእያንዳንዱ ፊት አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ ይሄ ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ እዚሁ ይኖራል? «ወፍጮ ቤቱ»፣ ምናልባት። «ቢጫው በር»፣ ቀለም ይቀየራል። «ባሕር ዛፉ»፣ ይኸው። «የእንሰቱ አጥር»፣ አዎ። ከስምንቱ ሦስት ብቻ ዳኑ።

አንድ አባት በበቅሎ ሲያልፉ ሰላም አልኳቸው። ሲዳምኛዬ የልጅነት ነው፣ አማርኛቸው ከእኔ ሲዳምኛ ይሻላል። የምሠራውን ነገርኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩና መለሱልኝ። «ይህን ተዪው፤ ሰው እዚህ በምን እንደሚቀጣጠር ልንገርሽ» አሉ። ከበቅሎዋ ሳይወርዱ በጅራፋቸው እያሳዩ ቆጠሩልኝ። ያ የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ። ያች ሽማግሌዎች የሚቀመጡባት ዋርካ፤ እሳቸው እረኛ ሳሉም እንደዚሁ ነበረች። ያ ሁለት ሸንተረር የሚገናኝበት አንገት። ያ ውኃ የቦረቦረው ገደል።

ሁሉንም በየቀኑ አልፋቸው ነበር። አንዱንም ጽፌው አላውቅም።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ገብርኤል ነው። ከተማው በሰው ሞልቷል፤ ከየአገሩ የመጣ ምዕመን ሌሊቱን ሙሉ ይገባል። ዛሬ መንገድ ላይ የሚሮጥ የለም፣ የሚሮጥበትም ቦታ የለም። በነጠላ ሄጄ ተሳለምኩ።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

አላሙራን በአባትየው ምልክቶች እንደገና ሮጥኩት። መስመሩም ትንሽ ተቀየረ። በባሕር ዛፉ መሀል ይሄድ የነበረው አሁን በሸንተረሩ አንገት ላይ ያልፋል። ርቀት 14.0፣ ሽቅብ 430። የተሻለ ነው። ነፋስ አለ፣ ሐይቁም አይጠፋም።

ሐይቁ ደግሞ ሌላ ነገር ሰጠኝ። «ግራ» እና «ቀኝ» ብዙ ያሳስታሉ፤ ሰው ዞሮ ቆሞ ሲያነብ ይገለበጣሉ። ሐይቁ ግን ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ የትም አይሄድም። ስትወጪ ሐይቁ በቀኝ ትከሻሽ ነው። ስትመለሺ በግራ ትከሻሽ። ሐይቁ ከፊትሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ይህን በሦስት መስመር ጻፍኩት። ከወረቀቱ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ፣ ወንዶ ገነት

ከመነኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሻሸመኔ ወረድኩ፣ ከዚያ የወንዶ ገነት መኪና ያዝኩ። ጫካው ያለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ካለበት በላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፈቃድ። ቢሮ ገብቼ ምን እንደምሠራ አስረዳሁ። ጫካውን የሚያውቅ ሠራተኛ አብሮኝ እንዲወጣ ሆነ። ብቻሽን አትግቢ የሚለውን ምክር ወረቀቱ ላይ በደማቁ አሰፍራለሁ፤ ለወንድም ለሴትም። «ያለ መሪ» ያልኩት ለከተማው ተራሮች ነው። ለጫካው አይሠራም፤ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ።

መጀመሪያ የተተከለው ደን ነው። የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ፣ በመስመር። ከዚያ ወደ ላይ የተፈጥሮ ደኑ ይጀምራል። ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት፣ ሳሳ። አየሩ ወዲያው ይቀየራል። ሐዋሳ ላይ ላብ የነበረው እዚህ ብርድ ይሆናል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው አጉረመረሙ፤ ነጭ ጅራታቸው እንደ ነጠላ ጫፍ ተንጠልጥሏል። ለአፍታ መሮጤን ረሳሁ።

ሰዓቴ ግን እዚህ ተበላሸ። ጂፒኤስ ከሰማይ የሚመጣ ምልክት ነው የሚጠብቀው። ወፍራም የቅጠል ጣሪያና ጠባብ ሸለቆ ሲያገኝ ምልክቱ ይዳከማል፣ እየነጠረም ይመጣል። ስልኬ ላይ የወጣው መስመር ሰክሮ የሄደ ሰው ይመስላል። ወንዝ መሀል ያሳየኛል፣ ገደል ላይ ያሳየኛል። አንድ ጊዜ 12.3፣ ስመለስ በዚያው መንገድ 10.9። ቁጥሩን ትቼ ሰዓት ያዝኩ። ወረቀቱ ላይ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ደቂቃ ይጻፋል። ከመጀመሪያው ጅረት እስከ ሁለተኛው በዝግታ ሩጫ 14 ደቂቃ። ከሁለተኛው እስከ ሸንተረሩ 35፤ ግማሹ በእግር ነው፣ ማንም ሮጦ አይጨርሰውም።

እዚህ ምልክቶቹ ጅረቶቹ ናቸው። ሰውየውን ስማቸውን ጠየቅሁት፣ ነገረኝ፣ ጻፍኩ። ከዚያ ከሸንተረሩ ላይ ወደ ምዕራብ አሳየኝ። ታች ሜዳው ላይ ጨለለቃ አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። ከዚያ ወዲያ ሐይቁ ያበራል። እነዚህ ጅረቶች ወደ ጨለለቃ ይወርዳሉ፤ ከጨለለቃ ጥቁር ውኃ ይወጣል፤ ጥቁር ውኃ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ጥቅምት ላይ ግድቡ ላይ የሮጥኩት ከዚህ ውኃ ጫፍ ነበር። ሦስቱ መንገዶቼ ለየብቻ የመረጥኳቸው ነበሩ። አንድ ተፋሰስ ውስጥ መሆናቸውን በካርታ አውቀው ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ዛሬ ነው።

ስንወርድ ፍል ውኃው ጋ እግሬን ነከርኩ። ለደከመ እግር ጥሩ ነው። የጅረቱን ውኃ ግን መጠጣት የለም፤ ከላይ ከብት ይጠጣል። አንድ ሊትር ከቤት መያዝ ግድ ነው።

የካቲት 9፣ እሑድ

ሳምንቱን ሙሉ ስጽፍ ሰነበትኩ። የታቦር ወረቀት ግማሽ ገጽ፣ የአላሙራ አንድ ገጽ፣ የወንዶ ገነት አንድ ገጽ ከፈቃዱ መመሪያ ጋር። የአላሙራውን ጂፒኤክስ ፋይልም (መንገዱ በጂፒኤስ ነጥቦች የተመዘገበበት ፋይል ነው) አዘጋጀሁ። ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የሌሉትን ሁለት የእግር መንገዶች ጨመርኩ። የታጨደ በቆሎ መሀል ያሉትን አቋራጮች ግን አልጨመርኩም።

ለፈተናው አላሙራን መረጥን። ታቦር ቀላል ነው፣ ወንዶ ገነት ሰው አብሮ ይሄዳል። ስልክ ትይዛለች፣ ግን ካርታ አትከፍትም። ከጠፋች ትደውላለች።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ሌሊት ዘንቦ ነበር። አቧራው ተኝቷል፣ መሬቱ አይጣበቅም፤ ጥሩ ቀን። 12 ሰዓት ከ40 ላይ ወረቀቱን ሰጠኋት። አንድ ጊዜ አነበበችው። ኪሷ ከተተችና ሄደች። እኔ በባጃጅ ዞሬ መጨረሻው ቦታ፣ የእንሰቱ አጥር ጥግ ላይ ቆምኩ።

2 ሰዓት ከ20 ትደርሳለች ብዬ አስልቼ ነበር። 2 ሰዓት ከ20 ሆነ። የለችም። 2 ተኩል። ስልኬን አሥር ጊዜ አየሁ። ተሰብስበው የሚጠብቁ ልጆች «መቼ ነው የምትመጣው?» እያሉ ይጠይቁኛል። 2 ከ41 ላይ ከላይ አንዱ ልጅ «ኃይሌ! ኃይሌ!» ብሎ ጮኸ። ከአጥሩ በኩል አልመጣችም። ከገደሉ ማዶ፣ ካልጠበቅሁት ወገን፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ሆና ብቅ አለች። ፊቷ ግን ይስቃል።

ውኃ ጠጣች። ከዚያ ወረቀቱን አወጣች። አምስተኛው መስመር ላይ ጣቷን አኖረች።

«ከዋርካዋ ወደ ታች ውረጂ ይላል። ዋርካዋ ጋ ወረድኩ። ገደል ውስጥ ገባሁ።»

አብረን ወጣን። ቦታውን አሳየችኝ። ትልቅ ዛፍ ነው፣ ጥላው ሰፊ ነው፣ ከሥሩ ሰው ይቀመጥበታል። ግን ዋርካ አይደለም። ሾላ ነው። ዋርካዋ ከዚያ 400 ሜትር ወደ ላይ ናት።

«ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው» አለችኝ። «እኛ ሰፈር ሁለቱም የሉም።»

ዛፉ አልተቆረጠም። አልተንቀሳቀሰም። የአባትየው ምልክት ልክ ነበር። እኔ ግን ስሙን ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ወረቀት አያስፈልገውም። ሌሎቹን ሰባት መታጠፊያዎች ያለ አንዳች ስህተት አልፋቸዋለች። የሐይቁን ሦስት መስመር መንገድ ላይ በቃሏ ስትል እንደነበር ነገረችኝ።

ዋርካዋ ጋ ወጥተን ከሥሯ ቁጭ አልን። ምን እንደምታይ ጠየቅኋት፤ እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። አምስተኛው መስመር አሁን እንዲህ ይላል፦

«በመንገዱ ላይ ሁለት ትልልቅ ዛፎች ታገኛለሽ። የመጀመሪያውን እለፊው፤ ግንዱና ቅርንጫፉ ላይ ፍሬው ተጠጋግቶ በዘለላ ይታያል። 400 ሜትር ያህል ቀጥዪ። ሁለተኛዋ ሥሮቿ ከመሬት በላይ ወጥተው ትልቅ ድንጋይ አቅፈዋል፤ በዙሪያዋ ሰው የሚቀመጥባቸው የለሰለሱ ድንጋዮች አሉ። ከዚያ ሐይቁን በግራ ትከሻሽ አድርገሽ ውረጂ።»